የበርሜሉ ዱካ

የሰፈሬ ስሙ ቧንቧ ውሃ ነው አሉ፤
ስሙ ነው የሚፈስ፣ ሳምንቱን በሙሉ።
ውሃው ግን ሐሙስ ነው፣ ያውም በሌሊቱ፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ ነው የኛ መነሣቱ።
ስለዚህ በርሜል ነው የቤቱ አባወራ፤
ዘጠኝ ዓመት ኖረ ከበረንዳው ጋራ።
ሲሞላ ዝም ይላል፣ ሲጎድል ይጮኻል፤
እንደ ሰው አይደለም፣ ጠግቦ ማን ዝም ብሏል?

ልንለቅ ሦስት ቀን ቀርቶ በርሜሉ ቢነሣ፣
ሊሾው ላይ ተገኘ ክብ፣ ቀይ ጠባሳ፤
ሰፌድ ያህል ሰፍቶ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣
መሐሉ በቀጭን ሻይ የተነከረ።

ወይዘሮ ሉባባ፣ የቤቱ ባለቤት፣
ሙስበሃ በእጃቸው፣ ቆመው ከደጁ ፊት፣
«ልጄ፣ የሰጠሁሽ ግራጫ ነበረ፤
ቀይ ልትመልሽ ነው?» አፌ ተሳሰረ፤
የአንድ ወር መያዣዬ በእጃቸው አለና።

ጎረቤት ሞሚና፣ ሁሉን በበረኪና፣
ልብስም፣ ሽንት ቤትም፣ ሐሜትም ታጥባለችና፣
ግማሽ ጠርሙስ ይዛ ደፋችበት ከላይ።
ዝገቱ ይባስ ቀላ፣ ደም መሰለ ሲታይ።
«አብሽሪ፣ ይጠፋል!» አለች አፍንጫዋን ይዛ፤
እያሳልሁ ወጣሁ፣ ዓይኔ እንባ አርግዛ።

ከመንገዱ ማዶ አሊጋዝ በያጁ፣
መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ጥላሸት ነው እጁ፣
አጎንብሶ አየና ሳቀ በረጅሙ፦
«እህቴ፣ ዝገትን በረኪና አያውቀውም፤
ያጸናዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም።
እሱ የሚፈራው ጎምዛዛ ነው። ሎሚ።
ካጣሽ አቼቶ ነው፤ ጓንት ግን አትርሺ።
የሽቦ ብሩሹን ወዲያ በይው፣ አደራ፤
ሽርፍራፊው ቀርቶ ይዝጋል በተራ።
ሎሚም ከቆየ ነው ሲሚንቶ የሚበላ፤
ሩብ ሰዓት፣ ውሃ፤ ሩብ ሰዓት ሌላ።»

ሰኞ ገበያ ወረድሁ፣ ሃያ ሎሚ ገዛሁ፤
«ጉንፋን ነው?» አለ ሻጩ፤ «ሊሾ ታሞ» አልሁ።

ጨው ነሰነስሁበት።
ሎሚውን ለሁለት ገምሼ፣ ተንበርክኬ፣ ፈተግሁት።
ጓንቱን ረስቼው ኖሮ
ጣቴ ላይ ያለች የሽንኩርት ቢላ ጭረት
ከሁሉ ቀድማ ሎሚውን አወቀችው።
በባሌ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ (አልነገርሁትም)
ጠርዝ ጠርዙን ስሄድበት
ቀለሙ ተነሣ፤ መጀመሪያ የብርቱካን ጭማቂ፣
ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ የጎርፍ ውሃ።

በየንብርብሩ ሐሙሶቹ ወጡ፤
ባልና ሚስት በእንቅልፍ ባልዲ ይዘው ሲቆጡ፤
ልጄ ሙና በጣቷ ጫፍ ቆማ
ስሟን ወደ ውስጥ ስትጠራ፣ በርሜሉ አጎርንኖ
ስሟን ሲመልስላት፤
ያ የተኩስ ሰሞን ደግሞ
ከኋላው አስቀምጫት፣
አፏን በመዳፌ ይዤ፣
«ዛሬ አትጥሪው» ያልኋት።

ውሃ ደፋሁ። ሩብ ሰዓት። እንደገና ሎሚ።
ጉልበቴ የሊሾውን ጠጠር ቅርጽ ያዘ።

ከጦሳ በኩል ጉሙ ሳይወርድ ደረቀ።
ቀዩ ጠፍቷል። በቦታው ግን
ነጭ ክብ፣ ከበረንዳው ሁሉ የነጣ፣
የሙሉ ጨረቃ ያህል ቁጭ ብሏል።
ወይዘሮ ሉባባ መጡ፤ ክቡን በዓይናቸው ዞሩት፣
ሙስበሃቸው አንድ ፍሬ ላይ ቆመ።
«ይኸ ነጭ ደግሞ ምንድን ነው?»
«ይኸ ነው እማማ የሰጡኝ፤ ሌላው ነው እድፉ።»
ዙሪያውን አዩ። ግድግዳው ሥር፣ ደረጃው ላይ፣
ዘጠኝ ዓመት የረገጥነውን ሁሉ አዩና፣
«ያ ረቢ!» ብለው ሳቁ፤
መያዣዬን ቆጥረው ሰጡኝ፣ መቶ ብር ጎድሎት።
ከሃያው ሎሚ አራት ቀርቶ ነበር፤
እሱንም ወሰዱት። ለጉንፋን ነው አሉ።

በርሜሉ አይሱዙ ላይ፣ በገመድ ታስሮ፣
ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ባዶውን ጮኸ።
አዲሱ ቤት ስንደርስ፣ ከፍራሹም ከአልጋው በፊት
ሁለት ብሎኬት ለመንሁ፣ በርሜሉን የማቆምበት።